ኩላሊቱን ሰጥተሽዋል፣ መድኃኒቱንም ለእጁ ስጪው

ይድረስ ለእታለም፤

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? ቁስልሽ ድኖ ሥራ መጀመርሽን ስሰማ እፎይ አልኩ። እኔ ከናፍቆት በቀር ደህና ነኝ።

ልጅሽ ደውሎልኝ ነበር። «እናቴ ከትምህርት ቤት ስገባ የምትጠይቀኝ መድኃኒት መዋጤን ነው፤ ፈተናዬ ትዝ የሚላት ከዚያ በኋላ ነው» አለኝ። አትቆጪው፤ ያስለፈለፍኩት እኔ ነኝ።

በምሠራበት የኩላሊት ክፍል እንደ እርሱ ያሉ ልጆች አያለሁ። በሳምንት ሦስት ቀን፣ በየጊዜው ለአራት ሰዓት ያህል እጥበት ላይ ተኝቶ ውኃ እየተለካለት የኖረ ልጅ ከንቅለ ተከላው በኋላ እንደ ልቡ ሲጠጣ ማየት ያስደስታል። ወላጅ ግን «ተገላገልን» ሲል ልጁ ሌላ ትግል ይጀምራል። ሰውነት አዲሱን ኩላሊት እንዳይገፋ የሚሰጠው ፕሬድኒሶሎን ፊት ያሳብጣል፣ ብጉር ያወጣል፣ የቁመትንም እድገት ሊያዘገይ ይችላል። ነፍስ ለተረፈበት ነገር ይህ ኢምንት ነው ትዪኛለሽ። የ15 ዓመት ልጅ ግን በየቀኑ መስተዋት ያያል፣ በየቀኑም ከጓደኞቹ ጋር ይውላል።

መድኃኒት መዝለል ብዙ ጊዜ ከዚህ ይመጣል እንጂ ከስንፍና አይደለም። ክፋቱ፣ ሰውነት ኩላሊቱን አልቀበልም ማለት ሲጀምር ሕመም ላይኖር ይችላል፤ በደም ምርመራ ክሪያቲኒን፣ ማለትም ኩላሊት የሚያጣራው ቆሻሻ፣ ከፍ ብሎ እስኪገኝ ድረስ ልጁ ደህና የሆነ ይመስለዋል። የተተከለ ኩላሊት የመጥፋት አደጋው ከ17 እስከ 24 ዓመት ባለው ዕድሜ የሚያይለውም ያለ ምክንያት አይደለም። ልጁ ከእናቱ እጅ ወጥቶ፣ ከሕፃናት ሐኪሙም ወደ አዋቂዎች ክፍል የሚተላለፍበት ጊዜ ነው።

ስለዚህ ከአሁኑ አለማምጂው። ሰውነቱ ኩላሊቱን እንዳይገፋ የሚውጠውን ታክሮሊመስ በየ12 ሰዓቱ የሚያስታውሰውን ደወል ራሱ ይሙላ። የደም ምርመራ ቀን ደሙ እስኪቀዳ የጠዋቱን እንደማይውጥ አንቺ ሳትነግሪው ያስታውስ። ሐኪሙንም ጥቂት ደቂቃ ብቻውን ያናግረው፤ ወንድ ልጅ እናቱ ፊት የማይጠይቀው ነገር አለው። አንቺ በሳምንት አንድ ጊዜ የመድኃኒት ሳጥኑን ብታዪ ይበቃል።

አንድ ነገር ደግሞ ልለምንሽ፤ «ኩላሊቴን ሰጥቼህ!» አትበይው። እውነት ነው፣ ሰጥተሽዋል። ነገር ግን አንድ ቀን መድኃኒቱን ቢረሳ፣ ይህን ቃል የሰማ ልጅ ለአንቺ ከመናገር መደበቅን ይመርጣል።

ኳስ መጫወት ይችል እንደሆነ ጠይቆኛል። ሩጫና ዋና ብዙውን ጊዜ ይፈቀዳል፤ ኩላሊቱ ያለው ከሆዱ በታች በኩል ስለሆነ ግጭት የሚበዛበትን ጨዋታ ሐኪሙ ይወስን፤ ጠያቂው ግን እርሱ ይሁን።

መድኃኒቶቹ ለቆዳ ካንሰር ስለሚያጋልጡ የፀሐይ መከላከያ ቅባት ልኬለታለሁ። በእርሱ ስም ነው የላክሁት፤ እንዳትከፍቺው።

ወንድምሽ