የሶፍትዌር ፕሮጀክት በጀት በውሉ ዋጋ አይለካም

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

አንድ ባንክ፣ ፋብሪካ ወይም የልማት ድርጅት ሒሳቡን፣ ግዥውን፣ ግምጃ ቤቱንና ደመወዙን በአንድ ላይ የሚያስተዳድርበትን ሶፍትዌር፣ በተለምዶ ኢአርፒ የሚባለውን፣ ለማስተግበር ውል መፈራረሙን የሚገልጹ ዜናዎች በጋዜጦቻችን የንግድ ገጾች ላይ እየበዙ መጥተዋል። በዜናዎቹ የሚጠቀሰው አኃዝ አብዛኛውን ጊዜ የውሉ ዋጋ ነው። በሒሳብ ባለሙያነቴ እንዲህ ባሉ ፕሮጀክቶች ኮሚቴዎች ውስጥ የመሥራት ዕድል ስላጋጠመኝ፣ ያ አኃዝ ድርጅቱ በመጨረሻ ከሚያወጣው ገንዘብ የቱን ያህል እንደሚሸፍን አንባቢዎችም፣ በተለይም የቦርድ አባላት፣ እንዲጠይቁ እፈልጋለሁ። ችግሩ የገንዘቡ ማነስ ብቻ አይደለም፤ በጀቱ ሲዘጋጅ ፕሮጀክቱ ልክ እንደ ተሽከርካሪ ግዥ በአንድ መስመር፣ በአንድ ዋጋና በአንድ የበጀት ዓመት መያዙ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከጨረታው ነው። ተወዳዳሪዎች የላይሰንስ (ሶፍትዌሩን የመጠቀም ፈቃድ) እና የተከላ ዋጋ እንዲሞሉ ይጠየቃሉ፣ የቴክኒክ መመዘኛውን ካለፉት መካከል ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ያሸንፋል፣ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ዓመታዊ ክፍያ ግን በውድድሩ ውስጥ አይገባም። እንደ ኦራክልና ኤስኤፒ ያሉ አቅራቢዎች ሶፍትዌራቸውን በራሱ ሰርቨር ላይ ለሚጭን ደንበኛ፣ ለድጋፍና ለማሻሻያ በየዓመቱ ከላይሰንሱ ዋጋ 22 በመቶ ገደማ ሲያስከፍሉ የኖሩ ናቸው፤ ይህ ሲደመር በአምስት ዓመት ውስጥ ከራሱ ከላይሰንሱ ዋጋ ይበልጣል። በክላውድ፣ ማለትም በአቅራቢው ሰርቨር ላይ ሆኖ በኢንተርኔት፣ የሚቀርበውም ቢሆን ኪራዩ በተጠቃሚ ብዛት ስለሚሰላ፣ አዳዲስ ቅርንጫፎች በተከፈቱ ቁጥር ክፍያው አብሮ ያድጋል። በነገራችን ላይ «ሥልጠና በነፃ» የሚል መስመር በዋጋ ማቅረቢያ ላይ ሳይ ደስ አይለኝም፤ ሥልጠናው አንድም ለይስሙላ የሚሰጥ ነው፣ አለዚያም ዋጋው ሌላ መስመር ውስጥ ተደብቋል።

የውጭ ምንዛሪው ጉዳይ ከሁሉም በላይ ትምህርት ሊሆነን ይገባ ነበር። የበጀት ዓመታችን ሐምሌ 1 ስለሚጀምር የ2017 በጀት በብዙ ድርጅቶች የጸደቀው አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ በሚመነዘርበት ጊዜ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዋጋው በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በ200 ሺሕ ዶላር የተፈረመ ውል 11.4 ሚሊዮን ብር ተይዞለት ከነበረ፣ አንድም ተጨማሪ ሥራ ሳይታዘዝበት ከ20 ሚሊዮን ብር በላይ ጠየቀ ማለት ነው። ከውጭ አገር ለሚገዛ አገልግሎት ገዢው ራሱ አስልቶ የሚከፍለው 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስም በዚያው ልክ ከፍ ይላል። ስለዚህ በጀቱ በብር ብቻ መጻፍ የለበትም፤ የዶላሩ ክፍል ተለይቶ፣ የተሰላበት ተመን ተጠቅሶ፣ ተመኑ ከተወሰነ መጠን በላይ ቢያሻቅብ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ አስቀድሞ መወሰን ይኖርበታል።

ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ በጀት ውስጥ ጨርሶ የማይታየው የመረጃ ማጽዳትና የሠራተኛ ጊዜ ወጪ ነው። ለዓመታት ፒችትሪ በተባለው የሒሳብ ሶፍትዌርና በኤክሴል ሲሠራ የኖረ ድርጅት መረጃውን ወደ አዲሱ ሲስተም ሲያዛውር፣ አንድ ደንበኛ ስሙ በእንግሊዝኛ ፊደላት በሦስት ዓይነት አጻጻፍ ተመዝግቦ ሦስት የተለያዩ ቀሪ ሒሳቦች ይዞ ይገኛል፤ ግምጃ ቤት ውስጥ ያለ አንድ መለዋወጫ በሁለት ኮድ ይጠራል፤ የቋሚ ንብረት መዝገቡ ከቆጠራው ጋር አይገጥምም። ይህን ማስታረቅ የሚችለው አማካሪው ሳይሆን ነገሩን የሚያውቀው ነባር የሒሳብና የንብረት ሠራተኛ ነው፤ እሱ ደግሞ የዕለት ሥራው አልቀነሰለትም። አሮጌውና አዲሱ ሲስተም ጎን ለጎን በሚሠሩባቸው ወራት እያንዳንዱ ሰነድ ሁለት ጊዜ ይመዘገባል። አስተዳደሩ አዲሱ ሲስተም ሐምሌ 1 ሥራ እንዲጀምር መፈለጉ ቁጥሮችን ከዓመቱ መጀመሪያ ለመያዝ ምቹ ቢሆንም፣ ወቅቱ የሒሳብ ክፍሉ በዓመታዊ መዝጊያ፣ በንብረት ቆጠራና በኦዲት ዝግጅት የሚጠመድበት ነው። የትርፍ ሰዓት ክፍያ፣ የጊዜያዊ ሠራተኛ ቅጥርና ወደ ቅርንጫፎች የሚደረግ ጉዞ ውሎ አበል በፕሮጀክቱ ስም ካልተያዙ ከመደበኛው በጀት ይወጣሉ፣ የፕሮጀክቱ እውነተኛ ዋጋም ለማንም ሳይታወቅ ይቀራል።

ሌላው የማሻሻያ ሥራ ነው። የጡረታ መዋጮ፣ የኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠርና የግብር ሰንጠረዥ ከአገራችን ሕግና አሠራር ጋር እንዲጣጣሙ ማድረግ የግድ ነው፤ ሥራውም አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚያልቅ አይደለም። በሐምሌ 2017 ዓ.ም. የገቢ ግብር አዋጁ ሲሻሻል ከግብር ነፃ የሆነው የወር ደመወዝ ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ከፍ በማለቱ፣ ደመወዝ የሚያሰላ ሶፍትዌር ሁሉ መስተካከል ነበረበት። ከሕግ ግዴታ ውጭ «እኛ እንዲህ ነው የምንሠራው» እየተባለ የሚታዘዘው ለውጥ ግን ሌላ ነገር ነው። የእንግሊዙ የበርሚንግሃም ከተማ ምክር ቤት የነበረውን ኤስኤፒ በኦራክል ሲተካ መጀመሪያ የያዘው 19 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ነበር። ሶፍትዌሩን እንዳለ ከመቀበል ይልቅ ከራሱ አሠራር ጋር እንዲስማማ ማስለወጥን መረጠ። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2022 ሥራ ላይ ሲውል የባንክ ሒሳብ የሚያስታርቀው ክፍል በአግባቡ ባለመሥራቱ ሠራተኞች በእጅ ወደ መሥራት ተመለሱ፤ ጠቅላላ ወጪው ከ100 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ እንደሚደርስም በኋላ ተገመተ።

የሒሳብ አያያዙም አስቀድሞ ሊታሰብበት ይገባል። ዓለም አቀፉን የሒሳብ ሪፖርት ደረጃ የሚከተል ድርጅት የሥልጠና ወጪን እንደ ሀብት መመዝገብ አይችልም። በክላውድ ለሚቀርብ ሶፍትዌር የሚከፈለው የማስተካከያ ወጪም በ2021 እ.ኤ.አ. በተሰጠው ማብራሪያ መሠረት በአብዛኛው በተወጣበት ጊዜ በወጪነት የሚያዝ ነው። ሁሉንም «ካፒታል በጀት» ብሎ ያጸደቀ ቦርድ በዓመቱ መጨረሻ ትርፉ ለምን እንደቀነሰ ኦዲተሩን ሊጠይቅ አይገባም።

ሐሳቤ ይህ ነው። ማንኛውም ድርጅት ጨረታ ከማውጣቱ በፊት ከላይሰንስ እስከ ውሎ አበል ድረስ ያለውን የአምስት ዓመት ወጪ በአንድ ሰነድ ያዘጋጅ፤ ተወዳዳሪዎችም በዚያው ስሌት ይመዘኑ። ላልታሰበ ወጪ የሚያዘው መጠባበቂያ ገንዘብ የሚለቀቀው በፕሮጀክት ጽሕፈት ቤቱ ሳይሆን በቦርዱ ይሁን፤ አጠቃቀሙም ምክንያቱ ተጽፎ በየሩብ ዓመቱ ሪፖርት ይደረግ። የመጨረሻው ክፍያም የአንድ ወር ሒሳብ በአዲሱ ሲስተም ያለ ኤክሴል እገዛ እስኪዘጋ ድረስ ይቆይ። የጋዜጣችሁ ዘጋቢዎችም በቀጣዩ የፊርማ ሥነ ሥርዓት ላይ ከውሉ ዋጋ ቀጥለው የአምስት ዓመቱን ወጪ ቢጠይቁልን መልካም ነው።

ከአክብሮት ጋር
የሒሳብ ባለሙያ የሆኑ አንባቢያችሁ
ከአዲስ አበባ