የምናባዊ ልቦለድ አንባብያን ክበብ የዓመቱ ዘገባ

ክበባችን በዚህ የትምህርት ዘመን በአንድ ሥራ ላይ አተኩሮ ቆይቷል፤ በጠንቋዮች ትምህርት ቤት ስለሚማር ልጅ የሚተርኩትን ሰባቱን የሃሪ ፖተር መጻሕፍት በታተሙበት ቅደም ተከተል፣ ሆን ብሎ ቀስ እያለ አንብቧል። ከአባላቱ ብዙዎቹ ታሪኩን አስቀድመው ያውቁት ስለነበር፣ በመጀመሪያው ስብሰባ ላይ «ያነበብነውን እንደገና የምናነበው ለምንድን ነው?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ ተገቢ ነበር። መልሴ የመነጨው እኔ ራሴ ከእነዚህ መጻሕፍት ጋር ካደግሁበት ልምድ ነው። የመጀመሪያው ቅጽ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1997፣ የመጨረሻው ደግሞ በ2007 ሲሆን፣ አራተኛው ቅጽ በ2000 ከወጣ በኋላ አንባቢው አምስተኛውን ለማግኘት እስከ 2003 መጠበቅ ነበረበት። የዚያ ዘመን ልጅ በእጁ ያለውን መጽሐፍ ደጋግሞ ከማንበብ፣ ስለሚመጣው ከመገመትና ከጓደኞቹ ጋር ከመከራከር በቀር ሌላ አማራጭ አልነበረውም። የዛሬው ተማሪ ግን አንዱን ቅጽ በዘጋበት ሌሊት ቀጣዩን ሊከፍት ይችላል። ይህን ዕድል አልነቅፍም፤ ሆኖም የተከታታይ ታሪክ አፍቃሪ ወደ አስተዋይ አንባቢነት የሚያድገው በሁለት ቅጾች መካከል ባለው የጥበቃ ጊዜ ነው ብዬ በጽኑ አምናለሁ።

በዚህም መሠረት ክበቡ ለራሱ ደንብ አወጣ። አንድ ቅጽ ተነብቦ ሲያልቅ፣ ታሪኩን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያነቡ አባላት ቀጣዩን ከመክፈታቸው በፊት ለጥቂት ሳምንታት ይቆያሉ፤ ወደፊት ይሆናል የሚሉትንም ጽፈው በታሸገ ፖስታ ያስረክባሉ። ቀደም ሲል ያነበቡት ደግሞ ምስጢር ሳያወጡ፣ ደራሲዋ ጄ. ኬ. ሮውሊንግ የኋላውን ታሪክ ፍንጭ ከፊት የት የት እንዳስቀመጡ ይፈልጋሉ። የመጀመሪያዎቹ ግምቶች ከምኞት አያልፉም ነበር፤ የወደዱት ሰው እንዲድን፣ የጠሉት እንዲቀጣ ብቻ ይጽፉ ነበር። እያንዳንዱ ግምት ከመጽሐፉ ገጽ ጠቅሶ ማስረጃ እንዲያቀርብ ከተስማማን በኋላ ግን ንባቡ ተለወጠ። በሦስተኛው ቅጽ የታሪኩ ማዕከል የሚሆነው ሲሪየስ ብላክ በመጀመሪያው ቅጽ የመጀመሪያ ምዕራፍ ውስጥ፣ ሞተር ብስክሌቱን ያዋሰ ሰው ተብሎ ስሙ ብቻ ተነሥቶ ያልፋል። ይህን ያገኘችው የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ወደ ኋላ ተመልሳ መስመሩን ጮክ ብላ ስታነብ፣ ታሪኩን ደጋግመው ያነበቡት ትልልቆቹ እንኳ አላስተዋሉትም ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንም በችኮላ ገጽ አልገለበጠም ለማለት እደፍራለሁ።

ከዓመቱ ሁሉ ከፍተኛው ክርክር የተካሄደው በስድስተኛው ቅጽ መጨረሻ ላይ ነው። ለዓመታት የመድኃኒት ቅመማ መምህር የነበረው ስኔፕ የማን ወገን ነው? ይህ ጥያቄ መጽሐፉ ከወጣበት ከ2005 ጀምሮ ሰባተኛው ቅጽ እስኪታተም ድረስ የዓለምን አንባብያን ለሁለት ከፍሎ የቆየ ሲሆን፣ እኔም በዚያ ጊዜ ወገን ይዤ የተሟገትኩበት ነው። መልሱን እዚህ አልጽፍም፤ ይህን መጽሔት ከሚያነቡት መካከል ታሪኩን ገና ያልጨረሱ አሉና። ልመሰክር የምፈልገው ስለ ክርክሩ ጥራት ነው። አንዱ ወገን የዋና መምህሩን የዱምብልዶርን እምነት እንደ ማስረጃ ሲያቀርብ፣ ሌላው ወገን «የታመነ ሰው ሁሉ ታማኝ ነው ወይ?» ብሎ ጠየቀ፤ ውይይቱም አንድን ሰው በሥራው እንመዝነው ወይስ በዓላማው ወደሚል፣ እኔ ወዳላሰብኩት ጥልቅ ጉዳይ ደረሰ።

ባለታሪኩ በመጀመሪያው ቅጽ 11 ዓመት፣ በመጨረሻው 17 ዓመት ይሞላዋል። መጽሐፎቹም አብረውት ያድጋሉ፤ በእንግሊዝ የመጀመሪያ እትም አንደኛው ቅጽ 223 ገጽ ሲሆን፣ አምስተኛው 766 ገጽ ነው። በዚህ አምስተኛ ቅጽ ውስጥ ሃሪ የሚቆጣበትና የሚጮኽበት ጊዜ በመብዛቱ ታናናሾቹ አባላት ተቀየሙት፤ ታላላቆቹ ግን ሐዘኑ ገና ያልወጣለት ልጅ መሆኑን ከጽሑፉ እየጠቀሱ ተከላከሉለት። በልጅነቱ ይህን ቅጽ አሰልቺ ብሎ የተወው አንድ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ዘንድሮ ከሰባቱ ሁሉ አብልጦ እንደወደደው ጽፎ አንብቦልናል። መጽሐፉ ያው ነው፤ ያደገው አንባቢው ነው።

በዓመቱ አጋማሽ ለንጽጽር ያህል ወደ አሜሪካዊቷ ደራሲ ኡርሱላ ሌ ጉዊን የምድርባሕር (Earthsea) ምናባዊ ልቦለዶች ጎራ ብለን ነበር። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ከ1968 እስከ 1972 የወጡ ሲሆን፣ አራተኛው የታተመው በ1990 ነው፤ በ12 ዓመቱ ሦስተኛውን ያነበበ ልጅ አራተኛውን ያገኘው በ30 ዓመቱ ነው ማለት ነው። ጊዜ ስላጠረን ከመጀመሪያው ቅጽ አላለፍንም።

አንዳንድ አባላት እነዚህን መጻሕፍት በመውደዳቸው «ይህ የሕፃናት ነገር ነው» እየተባሉ እንደሚሸማቀቁ ነግረውኛል። አንድን ታሪክ ለዓመታት መውደድና ከእርሱ ጋር ማደግ የሚያሳፍር አይደለም፤ እነዚህ ተማሪዎች 766 ገጽ በትዕግሥት የሚያነቡ፣ ለሐሳባቸው ማስረጃ የሚጠቅሱ፣ ሲሳሳቱም ፖስታቸውን ከፍተው በይፋ የሚያነቡ ናቸው።

በሚቀጥለው የትምህርት ዘመን የምድርባሕርን ታሪክ በዚሁ ደንብ እናነባለን። አዲስ አባላት ምንም ዓይነት የቀደመ ንባብ አይጠበቅባቸውም። በቤታቸው የሁለተኛውና የሦስተኛው ቅጽ ቅጂ ያላቸው ወላጆችና ተማሪዎች ለክበቡ ቢያውሱን፣ አንዱን መጽሐፍ ለሦስት ከመጋራት እንድናለን።