የቱቫሉን ቤተ ክርስቲያን ማን ጀመረው?

ለክቡር አዘጋጅ፦

በፓሲፊክ ውቅያኖስ ስለምትገኘው የደሴቶች አገር ስለ ቱቫሉ ቤተ ክርስቲያን ታሪክ ያወጣችሁት ጽሑፍ አጀማመሩን ሙሉ በሙሉ ለእንግሊዛውያን ሚሲዮናውያን መስጠቱ ፍትሕ የጎደለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1861 በኩክ ደሴቶች የምትገኘው የማኒሂኪ ዲያቆን ኤሌካና ታንኳውን ማዕበል ወስዶበት፣ ለሳምንታት በውቅያኖስ ላይ ሲንገላታ ከርሞ ኑኩላኤላኤ ወደተባለችው የቱቫሉ ደሴት ደረሰ። እዚያም ከመጽሐፍ ቅዱሱ ገጾችን ለሕዝቡ እያከፋፈለ ማስተማር ጀመረ። የለንደን ሚሲዮናውያን ማኅበር ሚሲዮናዊ የሆኑት መሬይ የመጡት በ1865 ነው፤ እርሳቸውም ቢሆኑ በደሴቶቹ ያስቀመጡት ሌላዋ የፓሲፊክ ደሴቶች አገር ከሆነችው ከሳሞአ የመጡ መምህራንን ነበር። ምእመናኑ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ የሳሞአን ቋንቋ መጽሐፍ ቅዱስ ማንበባቸው ያለ እነዚህ መምህራን ከቶ ሊገባን አይችልም።

ስለዚህ በሚቀጥለው እትማችሁ ኤሌካና ስለተማረበትና በ1844 በሳሞአ ስለተመሠረተው የማሉአ መንፈሳዊ ኮሌጅ፣ የደሴቶቹን ካርታ ጨምራችሁ ጽሑፍ እንድታወጡ እጠይቃለሁ።

አንድ አንባቢ