ትኩሱን ለማታ

ይድረስ ለወንድሜ፣

እንደምን ከረምክ? "ከረምክ" ማለቱ ራሱ አንሷል፣ ሁለት ክረምት ነው ያለፈው። ጥፋቱ የኔ ነው። መጀመሪያ አንድ መልእክትህን ሳልመልስ ቀረሁ። ከዚያ "ነገ ረዘም አድርጌ እጽፍለታለሁ" እያልኩ አሳደርኩት። ያደረ ነገር ደግሞ እያደር ይከብዳል። ስልኬ ላይ ስምህን ሳይ እንደ ባለ ዕዳ ዓይኔን አሸሽ ነበር። በቃ፣ ይቅር በለኝ።

ባለፈው ሳምንት የላክኸውን የድምፅ መልእክት ሦስት ጊዜ ሰማሁት። ሐኪሙ "ስኳርህ ከፍ ብሏል፣ ዳቦና ሩዝ ቀንስ" ብሎህ፣ እሺ ብለህ ወጥተህ፣ ማታ ቤት ስትገባ ምን እንደምትበላ ግራ ገባህ። ከዚያ ሳቅክ። ያንን ሳቅ አውቀዋለሁ። እኔም አምና ምግብ ሳልበላ ስኳሬን ስለካ 118 ሆኜ ስወጣ እንደዚያው ስቄያለሁ። ከ100 በታች መሆን ነበረበት። 126 ሲደርስና በድጋሚ ምርመራ ሲረጋገጥ ስሙ በሽታ ይሆናል።

ምን እንደሚበላና እንደማይበላ አልዘበዝብህም፤ እሱን ነግረውሃል። እኔን ያስቸገረኝ ሌላ ነው። ማታ 1 ሰዓት። ደክሞሃል፣ ርቦሃል፣ ፍሪጅ ውስጥ ያልታጠበ ጎመንና ድንጋይ የሆነ ሥጋ አለ። ዳቦ ግን መክተፊያ አይፈልግም። ሁሌም የምሸነፈው እዚያች ሰዓት ላይ ነበር እንጂ ቀን ላይ ጎበዝ ነኝ።

መጀመሪያ ሰው ሁሉ የሚያደርገውን አደረግሁ። እሁድ ቀኑን ሙሉ አብስዬ ምግቡን በዕቃ በዕቃ ደረደርኩት። ሰኞ ደስ አለኝ። ማክሰኞ ቻልኩት። ረቡዕ ዶሮውን ሳሞቀው የቆየ ቅባት ሸተተኝ፣ ብሮኮሊው ደግሞ ሳይታኘክ ፈረሰ። በኋላ እንደተረዳሁት የበሰለ ሥጋ ፍሪጅ ውስጥ ሲያድር ስቡ ከአየር ጋር ተገናኝቶ ጣዕሙን ይለውጣል፣ ሲሞቅ ደግሞ ይብስበታል። ሐሙስ ዕለት ዕቃዎቹን ሁሉ አይቼ ፍሪጁን ዘጋሁና ዳቦ በላሁ። ግማሽ ዳቦ። ቆሜ።

አሁን የማደርገው ግማሹን ነው። እሁድ የቢላዋውን ሥራ እጨርሳለሁ፣ የእሳቱን ለማታ እተዋለሁ። አጥባለሁ፣ እከትፋለሁ፣ እዘፈዝፋለሁ፤ አንድም ነገር አላበስልም። ማታ ስገባ የሚቀረኝ መጥበሻ ማጋል ብቻ ነው። ሃያ ደቂቃ አይፈጅም፣ የምበላውም ትኩስ ነው።

ከሁሉ በፊት የአበባ ጎመን ነገር። ሩዝ ለምትወድ ሰው ይኼ ቀልድ ይመስላል፣ አውቃለሁ። በመፈግፈጊያ ስትፈገፍገው ሩዝ የሚያህል ፍርፋሪ ይወጣዋል። ጣዕሙ ሩዝ ነው ብዬ አልዋሽህም። ነገር ግን መረቅ ይሸከማል፣ ሆድም ይይዛል። የበሰለ ሩዝ በ100 ግራም 28 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት አለው፤ አበባ ጎመን 5 ግራም ገደማ፣ ከዚያም ውስጥ 2 ግራሙ ስኳር የማያወጣው አሰር ነው። ፈግፍጌ በደረቅ ፎጣ ጠቅልዬ እጨምቀዋለሁ፣ ከዚያ ክዳን ባለው ዕቃ። እስከ ረቡዕ ይሄዳል። ከዚያ በላይ ካቆየኸው ፍሪጁን ስትከፍት ራሱ ይነግርሃል።

ዝኩኒ ግን እሁድ አትክተፍ። አብዛኛው ውኃ ነው፤ ቆርጠህ ካሳደርከው ዕቃው ውስጥ ሲዋኝ ታገኘዋለህ። ማታውኑ ቁረጥና ጨው ነስንስበት፣ ሥጋው እስኪበስል ውኃውን ያወጣል። ጨምቀህ መጥበሻ ላይ ጣል። እንጉዳይም እንደዚሁ አስቀድሞ አይታጠብም፣ በወረቀት ከረጢት ይቀመጥ። ቅጠላ ቅጠልን ግን አጥበህ በደንብ አድርቀህ በፎጣ ብትጠቀልለው ሳምንቱን ይሰነብታል። ቅጠሉን የሚያበሰብሰው ላዩ ላይ የቀረው እርጥበት ነው። የተከተፈ ሽንኩርት ደግሞ ክዳኑ የማይላወስ ዕቃ ይፈልጋል። አንድ ጊዜ ተሳስቼ እርጎዬ ሳይቀር ሽንኩርት ሽንኩርት ብሏል።

ሥጋው ላይ ተጠንቀቅ። ጥሬ ዶሮ፣ የተፈጨ ሥጋና ዓሣ ፍሪጅ ውስጥ ቢበዛ ሁለት ቀን ነው፣ ያውም ፍሪጁ 4 ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች ከሆነ። ስለዚህ ሰኞ ዓሣ፣ ማክሰኞ ዶሮ ይበላል። ያልተቆረጠ የበሬ ሥጋ ሦስት ቀን ስለሚችል እሱን ሳልነካው አስቀምጬ ረቡዕ ማታ እቆርጠዋለሁ። የቀረው እሁድ ዕለቱን ፍሪዘር ይገባል። ፌስታሉን ልክ እንደ ደብተር ጠፍጣፋ አድርገህ አስተኛው፣ ቀኑን ጻፍበት። እንደ ድቡልቡል ድንጋይ የቀዘቀዘ ሥጋ ለመሟሟት ቀኑን ሙሉ ይፈጃል፤ ጠፍጣፋው ከፍሪዘር ወደ ፍሪጅ ማታ ካወረድከው በማግስቱ ዝግጁ ነው። የወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ አውጥቶ መዋል አይሆንም። ውስጡ በረዶ እንደሆነ ውጪው ባክቴሪያ ያረባል። ጥሬ ሥጋ ደግሞ ሁሌም የታችኛው መደርደሪያ ላይ ይሁን፣ ቢያንጠባጥብ ሰላጣህ ላይ እንዳይወርድ።

ዶሮውን እሁድ ማታ ወይም ሰኞ በዘይት፣ በነጭ ሽንኩርት፣ በጨውና በትንሽ ሎሚ ዘፍዝፌ አሳድረዋለሁ። ዓሣ ላይ ይኼን ሞክሬ ጉድ ሆኛለሁ። በሎሚ አሳድሬው በማግስቱ ፌስታሉን ስከፍት ዓሣው ነጭ ሆኖ ጠበቀኝ። እሳት ሳያየው ሎሚው ሠርቶታል። መጥበሻ ላይ ሳስቀምጠው ደግሞ ፍርፍር አለ። በማንኪያ ነው የበላሁት። አሁን ዓሣን ጨው ብቻ፣ ሎሚውን ሳህን ላይ።

እግረ መንገዴን፣ ነጭ ሽንኩርት ፈጭተህ በዘይት አድርገህ ውጪ እንዳታስቀምጥ። አየር በማያገኝበት ዘይት ውስጥ ቦቱሊዝም የሚባል የመመረዝ በሽታ የሚያመጣ ባክቴሪያ ሊያድግ ይችላል፣ ሽታውም ጣዕሙም ምንም አይልህም። ፍሪጅ ውስጥ፣ ለጥቂት ቀን ብቻ። ዶሮው የተዘፈዘፈበትንም ሳታፈላ እንደ ስጎ አትጠቀምበት። ስጎ ካልኩ አይቀር፣ የጠርሙስ ስጎዎችን ጀርባ አንብብ። ስንቱ ውስጥ ስኳር እንደተደበቀ ስታይ ትናደዳለህ። እኔ ስኳር የሌለው እርጎ በነጭ ሽንኩርትና በቅጠል እመታለሁ፣ ለሦስት ቀን ይሆነኛል።

ማክሰኞ ማታ ቤቴ እንዲህ ነው። ጫማዬን እንዳወለቅሁ መጥበሻውን እሳት ላይ እጥዳለሁ፣ ከዚያ ነው ልብሴን የምቀይረው። ተመልሼ ዶሮውን አወጣና በወረቀት እጠርገዋለሁ። እርጥብ ከሆነ አይጠበስም፣ ይቀቀላል። አራት ቁራጭ ብቻ አስተኛለሁ፣ እንዲተነፍሱ። ከዚያ አልነካውም። ይኼ ከባድ ነው፣ እጅህ ይበላሃል። መጀመሪያ እርጥብ ድምፅ ይሰማል፣ ሽሽሽ ይላል። አምስት ደቂቃ ገደማ ሲሆን ድምፁ ይደርቃል፣ ወደ ጠቅ ጠቅ ይለወጣል። ያኔ ይገለበጣል፣ ከሥሩ ቡናማ ሆኖ ራሱ ይለቅሃል። በጎን ሌላ መጥበሻ ላይ አበባ ጎመኑን ያለ ክዳን አምስት ደቂቃ አማስለዋለሁ፤ ከከደንከው ገንፎ ይሆናል። ዶሮው ውስጡ 74 ዲግሪ ሲደርስ በሰለ። ትንሿን ቴርሞሜትር ግዛ፣ በሥጋ ጉዳይ ከዓይኔ ይልቅ እሷን አምናለሁ።

ሐሙስ ላይ እቅዱ ሁሉ ይፈርሳል። ሥጋውን ከፍሪዘር ማውረድ ረስቼ እገኛለሁ። ለዚያ ነው እንቁላል የማይጠፋው። ሦስት እንቁላል፣ የተረፈ ቅጠል፣ አይብ ካለ አይብ። አሥር ደቂቃ። ዳቦውን የምረታው በዚህ ነው፣ ሁሌም ባይሆን እንኳ ብዙ ጊዜ።

የመጀመሪያው ሳምንት ኪሎህ ዱብ ቢል ብዙ አትፈንጥዝ። ሰውነት ያጠራቀመውን ግላይኮጅን የሚባል የስኳር ክምችት ሲጨርስ አብሮት የያዘውን ውኃ ይለቃል፤ አብዛኛው እሱ ነው። የኔ ስኳር አሁን 101 ላይ ነው። ምግቡ ብቻ ነው አልልህም፣ በእግሬም መሄድ ጀምሬያለሁ። አንድ ነገር ግን እለምንሃለሁ። የስኳር መድኃኒት ከጀመሩልህ፣ በተለይ ኢንሱሊን ከሆነ፣ ምግቡን በአንዴ እንዳትቆርጥ። ካርቦሃይድሬቱ ቀንሶ መድኃኒቱ እንዳለ ከቀጠለ ስኳርህ በጣም ሊወርድ ይችላል። መጠኑን አስቀድሞ ከሐኪምህ ጋር ተነጋገር። አንተ ደግሞ ግትር ስለሆንክ ነው የምደግመው፦ ተነጋገር።

በደብዳቤ ብዙ አወራሁ፣ የሁለት ዓመቱን ነው። እሁድ ከሰዓት በኋላ ልደውልልህ ነው። ስልኩን መክተፊያው አጠገብ አቁመው። አንተ ከዚያ እኔ ከዚህ እየከተፍን ስለ እናትህ፣ ስለ ሥራህ፣ ስላለፈው ሁሉ ትነግረኛለህ። አንድ አበባ ጎመንና ስምንት የዶሮ ጭን ገዝተህ ጠብቀኝ። ቢላዋህንም አስስል፣ ድሮ የነበረህ ቲማቲም እንኳ አይቆርጥም ነበር።

ያንተው