«ዝም ብለው ያወራሉ» ስለሚባሉት የኮሜዲ ፖድካስቶች

ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ባሕር ዳር ውስጥ ወጣቶች ያለ ስክሪፕት የሚሠሯቸው የኮሜዲ ፖድካስቶች በተነሱ ቁጥር አንድ ወቀሳ አይቀርም፦ «ማይክ ፊት ቁጭ ብለው ዝም ብለው ያወራሉ፤ ራሳቸው ተናግረው ራሳቸው ይስቃሉ።» ወቀሳው መሠረት የለውም አንልም፤ እንዲህ ያለው ፖድካስት ሞልቷል። የማንስማማው ከዚያ ቀጥሎ በሚታዘዘው መድኃኒት፣ «ጽፈው ያንብቡት» በሚለው ነው። ተጽፎ የሚነበብ ቀልድ በጆሮ ብቻ ሲሰማ ወዲያው ይታወቃል፤ ቀልዱ ሳይደርስ የአንባቢው ድምፅ ያሳብቅበታል። እነዚህ ሥራዎች የሚበላሹት በቅጽበት መፍጠር የሚጠይቀው ልምምድ ስለሚዘለል ነው። በድምፅ ቀረጻና በመድረክ ሥራ ላይ ያለን እንደመሆናችን ልምምዱ ምን እንደሆነ በዝርዝር ብንጽፍ ለሠሪውም ለተቺውም ይጠቅማል ብለን አሰብን።

ነገሩ ለእኛ አገር ሰው እንግዳ አይደለም። እንካ ሰላንቲያ የሚጫወት ልጅ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። «እንካ ሰላንቲያ!» «በምንቲያ?» «በፊልም!» «ምን አለህ በፊልም?» «ቀይ ምንጣፍ ተነጥፎ፣ ደራሲው ገና ሲያልም!» አንድ ቡድን ቀረጻ ከመጀመሩ በፊት 15 ወይም 20 ደቂቃ ይህን ቢጫወት ምላሱ ይፍታታል፤ ከምላሱ ይልቅ ግን ጆሮው ይነቃል። የተወረወረለትን የመጨረሻ ቃል ያልሰማ ሰው ቤት መምታት አይችልምና። አዝማሪም እንዲሁ ነው። እንግዳው «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ሲያቀብለው ተቀብሎ በማሲንቆው ያዜመዋል እንጂ «ይሄ አይሆንም» ብሎ አይከራከርም። በሰሜን አሜሪካ ይህን ሙያ በቴአትር መልክ ሥርዓት ያበጁለት ሰዎች የደረሱበትም ከዚህ የራቀ አይደለም። አሜሪካዊቷ የቴአትር መምህርት ቫዮላ ስፖሊን ያዘጋጀቻቸው የቴአትር ጨዋታዎች ቺካጎ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1955 ለተጀመረው ለኮምፓስ የኮሜዲ ቡድን፣ በ1959 ለተከፈተው የኮሜዲ ቴአትር ለሰከንድ ሲቲም መነሻ ሆነዋል። በዚህ መስክ የሚሠለጥን ሰው መጀመሪያ የሚማረው ሕግም ይኸው ነው፦ ባልደረባህ ያመጣውን ተቀበል፣ ከዚያ አንድ ነገር ጨምርበት።

ሕጉ ሲነገር ቀላል ነው። የሚሰበርበትን ቦታ እናሳይ። ትዕይንቱ የፊልም ምረቃ ነው እንበል፤ ጋዜጠኛው ዳይሬክተሩን ይጠይቃል።

«ፊልሙ ስንት ጊዜ ፈጀ?»

«ሰባት ዓመት።»

«ምኑ ነው ሰባት ዓመት የፈጀው?»

«ፖስተሩ።»

እዚህ ላይ ጋዜጠኛውን የሚጫወተው ልጅ «ሂድ ወዲያ፣ ፖስተር ሰባት ዓመት ይፈጃል እንዴ!» ካለ ትዕይንቱ አለቀ። ባልደረባው የሠራውን ቤት አፈረሰበት፤ ዳይሬክተሩ ወይ ማስተባበል፣ ወይ ከባዶ መጀመር ሊኖርበት ነው። «አይቼዋለሁ፤ መሪ ተዋናዩ በግራ በኩል ልጅ ነው፣ በቀኝ በኩል ሸብቷል» ካለ ግን መንገድ ይከፈታል። ተዋናዩ በመሀል አግብቶ ሚስቱም ፖስተሩ ላይ ልግባ ብላ ይሆናል። ግራፊክስ የሠራው ልጅ ጡረታ ሊወጣ ደርሶ ይሆናል። ይህን ማንም ቀድሞ አልጻፈውም፤ አንዱ የሌላውን ስለሰማ ብቻ መጣ።

ከማስተባበል ቀጥሎ በብዛት የሚሰማው ጥፋት ጥያቄ ማብዛት ነው። «ምንድን ነው የያዝከው? ወዴት ነው? ለምን?» የሚል ተጫዋች የፈጠራውን ሸክም ሁሉ ባልደረባው ላይ ይጥላል። ራሱ «ያን የሽልማት ዋንጫ ዛሬም ገበያ ይዘኸው ልትወጣ ነው?» ቢል ግን ጥያቄው ራሱ ስጦታ ይሆናል። ሌላው ጥፋት እያንዳንዱ ከቤቱ ቀልድ አዘጋጅቶ መምጣቱ ነው፤ ሦስቱም ተራ ጠባቂ ይሆናሉ፣ አድማጭም ሦስት ለየብቻ የሚያወሩ ሰዎች ይሰማል።

በጆሮ ብቻ የሚሰማ ሥራ በመድረክ ላይ የሌለ ችግር አለበት። አድማጭ አያይም። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሦስትና አራት ዐረፍተ ነገሮች ማን፣ የት፣ ከማን ጋር እንደሆነ መታወቅ አለበት። «ጋሼ፣ ጀልባዋ ሳትነሳ ካሜራውን ያብሩልኝ እንጂ» የምትል አንዲት ዐረፍተ ነገር ቦታውንም፣ ሥራውንም፣ የዕድሜ ልዩነቱንም ትናገራለች። አማርኛ እዚህ ላይ ብዙ ያግዘናል፦ ግባ፣ ግቢ፣ ይግቡ ከሚሉት አንዱ ብቻ ጾታና ደረጃን ይነግራል። ፕሮዲዩሰሩ ወጣቱን ዘፋኝ «አንተ» ሲለው ቆይቶ ስፖንሰር መገኘቱን ሲሰማ «እርስዎ» ማለት ቢጀምር ሌላ ቀልድ አያስፈልግም። የዚያኑ ያህል ደግሞ አንዱን ገጸ ባሕርይ ያለ ምክንያት አንዴ አንተ፣ አንዴ አንቱ ማለት አድማጩን ያሳስተዋል፤ አዲስ ሰው የገባ ይመስለዋል።

ተጫዋቾች ሦስት ቢሆኑ ይመረጣል፤ ከአራት ካለፉ ድምፃቸው አይለይም። መድረክ ላይ ትዕይንት ሲያልቅ መብራት ይጠፋል፤ እዚህ ግን የሚያቋርጥ ሰው አስቀድሞ መሰየምና በእጅ ምልክት መግባባት ያስፈልጋል። ከሦስት እስከ ስድስት ደቂቃ ለአንድ ትዕይንት ይበቃል። በአራተኛው ደቂቃ ትልቅ ሳቅ ከመጣ እዚያው ይቆረጥ። አንድ ሰዓት ተቀርጾ ከ25 እስከ 30 ደቂቃ የሚሆነው ቢወጣለት ጥሩ ምርት ነው፤ የቀረውን ለመጣል አንጀት ማጥበቅ የሙያው አካል ነው።

አሁን በኪነ ጥበቡ መንደር ላይ ወደ መቀለዱ እንምጣ። «ባሕር ዳር ምን ሾው ቢዝነስ አለና?» ይባላል። ከአዲስ አበባ ክሊፕ ሊቀርጹ የሚመጡትን ያየ ሰው ይህን አይልም። ዳይሬክተሩ ዕድሜውን ሙሉ በደንገል ታንኳ ጣና ላይ የኖረውን ሰው «እስኪ እንደ ቀዛፊ ሁንልኝ» ይለዋል። ይህ ትዕይንት ጥሩ የሚሆነው ሳቁ ወደ ዳይሬክተሩ ከሄደ ነው። ተጫዋቹ የቀዛፊውን አነጋገር ማጣመም ከጀመረ ግን ሳቁ አቅጣጫውን ስቶ በማይገባው ሰው ላይ ወደቀ። የሰው ዘዬ፣ መልክ፣ ብሔር ወይም ትዳር ላይ መቀለድ ነውር ነው፤ በሙያም ቢሆን ትርፍ የለውም። ዘዬ ሲኮርጁ የሚመጣው ሳቅ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ይሟጠጣል፣ ከዚያ በላይ የሚጨመርበት ነገር የለም። የአሠራሩ ጉድ ግን ማለቂያ የለውም። ከዓመት ዓመት «በቅርቡ ይወጣል» የሚባለው አልበም አለ። ከሽልማቱ ይልቅ የስፖንሰሮቹ ዝርዝር የሚረዝምበት የምረቃ ምሽት አለ። ማንኛውም ሥራ «ለየት ያለ» የሚባልበት ቃለ መጠይቅም አለ። ፖድካስቱ ራሱም ከዚህ አያመልጥም፦ ሳያሳቁ «ላይክ፣ ሼር፣ ሰብስክራይብ» ብሎ መለመን ተገቢ መቀለጃ ነው።

የእውነተኛ አርቲስት ስም ጠርቶ ታሪክ መፍጠርን አጥብቀን እንቃወማለን። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2044 ሰውን የሚያስጠላ፣ የሚያስንቅ ወይም መሳቂያ የሚያደርግና ክብሩን፣ ስሙን ወይም የወደፊት ዕድሉን አደጋ ላይ የሚጥል ንግግር በስም ማጥፋት እንደሚያስጠይቅ ይደነግጋል። «ቀልዴን ነው» ማለት ብቻውን አያድንም። በቅጽበት በሚሠራ ሥራ ደግሞ አፍ ሊያመልጥ ይችላልና ከመለቀቁ በፊት ያልተጫወተ አንድ ሰው ሙሉውን ሰምቶ የሚወጣውን ማውጣት አለበት። የገጸ ባሕርያቱ ስም ከታወቀ አርቲስት ስም ጋር እንዳይገጥም ይጣራ። በሙዚቃም በኩል አዋጅ ቁጥር 410/1996 የቅጂ መብትን ስለሚጠብቅ የሰው ዘፈን ያለ ፈቃድ መክተት አይገባም፤ «ጥቂት ሴኮንድ ብቻ ነው» የሚለው ዋስትና አይሆንም፣ ዩቲዩብም ዘፈኑን በራሱ ይለየዋል። ማሲንቆ ተጫዋች ተከፍሎት አዲስ መግቢያ ቢያዜም ችግሩ ይቀራል፤ የስምምነት ወረቀቱ ግን ይፈረም።

ብዙ ጥሩ ጨዋታ የሚሞተው ቀረጻው ላይ ነው። የተለመደው ስሕተት የማይኩን የድምፅ መጠን በንግግር መለካት ነው። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ተብሎ ይስተካከልና የመጀመሪያው ሳቅ ሲመጣ ድምፁ ይሰነጠቃል፤ የተሰነጠቀ ድምፅ በኋላ በኤዲት በደንብ አይጠገንም። ስለዚህ ሦስቱም አብረው ከልብ እየሳቁ ይለካ፤ ያ ሳቅ በሪከርደሩ መለኪያ (0 ጣሪያው ነው) ከ−6 ዴሲቤል እንዳያልፍ። ንግግሩ −18 አካባቢ ቢወርድ አያስፈራም፤ በ24 ቢት (ከሪከርደሩ የጥራት ምርጫዎች አንዱ ነው) የተቀረጸ ድምፅ በኋላ ከፍ ቢደረግ አይጎዳም። በ24 ቢትና በ48 ኪሎኸርዝ አንድ ማይክ በሰዓት ወደ 520 ሜጋባይት ይይዛል፤ ለሦስት ማይክ አንድ ተኩል ጊጋባይት የሚሆን ቦታ ካርዱ ላይ መኖሩ ቀድሞ ይታይ። እያንዳንዱ ማይክ ለየብቻው ይቀረጽ፤ ያለበለዚያ የአንዱን ሳል ለማውጣት የሌላውን ቀልድ መቁረጥ ግድ ይሆናል።

ድምፅ ባልታፈነበት ክፍል ከኮንዴንሰር ማይክ ይልቅ ዳይናሚክ ይሻላል፤ የጎረቤትን ድምፅ ያን ያህል አይለቅምም። ከአፍ ያለው ርቀት አራት ጣት ያህል ይሁን፣ ከማይክ እስከ ማይክ ደግሞ ቢያንስ የዚያ ሦስት እጥፍ። «ፐ» እና «ፈ» ነፋስ ስለሚገፉ ማይኩ ፊት ለፊት ሳይሆን ከአፍ ጎን ጋደል ብሎ ይቀመጥ። የሚስቅ ሰው ፊቱን ከማይኩ ያዙር፤ ይህ ብቻውን የባልደረባውን ቀጣይ ዐረፍተ ነገር ያድናል። ግድግዳው ባዶ ከሆነ ጋቢና ብርድ ልብስ ይሰቀል፣ ወለሉ ላይ ምንጣፍ ይነጠፍ።

በክረምት የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር መቅረጽ አይታሰብም። ዝናብ ቆርቆሮ ሲመታ የሚወጣው ድምፅ ከሰው ድምፅ ጋር ስለሚቀላቀል በማጣሪያ አይወጣም፣ ኮርኒስም ብቻውን አይከላከለውም። ዝናቡ በአብዛኛው ከሰዓት በኋላና ሌሊት ስለሚበረታ ከሰኔ እስከ መስከረም ጠዋት ይቀረጽ። ባጃጅም እንደዚያው ነው፤ ከ80 ኸርዝ በታች ያለውን ወፍራም ድምፅ መቁረጥ ጉምጉምታውን ይቀንሳል እንጂ የሞተሩን ጩኸት አያጠፋም፣ ከመንገድ የራቀውን ክፍል መምረጥ ብቻ ያዋጣል። ጣና ዳር ቆሞ መቅረጽ ያማረው ሰው ሐይቁ ከሰዓት በኋላ የሚያመጣውን ነፋስ ማይኩ ላይ የሚጠለቀው ተራ ስፖንጅ እንደማይችለው ይወቅ፤ ጸጉራም መከላከያ ያስፈልጋል። መብራት ቢጠፋ ቀረጻው እንዳይጠፋ በባትሪ የሚሠራ ሪከርደር ከኮምፒውተር ይመረጣል። ጀነሬተር ግን መፍትሔ አይሆንም፤ ራሱ አራተኛ ተጫዋች ሆኖ ይገባል።

አንዱ ባሕር ዳር ሌላው አዲስ አበባ ሆነው በኢንተርኔት የሚሠሩትን ከዚህ ዘዴ እንዲወጡ እንመክራለን። ድምፅ ለመድረስ ከ150 ሚሊሴኮንድ በላይ ከዘገየ ሰዎች ይጋጫሉ፤ ቀልድ ደግሞ በዚያች ክፍተት ውስጥ ነው ያለችው። የስብሰባ መተግበሪያዎችም ሳቅን እንደ ጫጫታ ቆጥረው ያፍኑታል።

በኤዲት ጊዜ ከመልስ በፊት ያለችውን ዝምታ አትቁረጧት። «ፖስተሩ» ከሚለው መልስ በፊት ያለችው ግማሽ ሴኮንድ የቀልዱ ግማሽ ናት። የተቀዳ ሳቅ ከውጭ አታስገቡ። በምትኩ ስድስት ሰባት አድማጭ ከማይኮቹ ጀርባ ቢቀመጡ ተጫዋቹም የሚያየው ፊት ያገኛል። ለመልቀቅ በሞኖ (በአንድ የድምፅ መስመር)፣ በ64 ኪሎቢት ኤምፒ3 ይበቃል፤ ግማሽ ሰዓቱ 14 ሜጋባይት ተኩል አይሞላም፣ በሞባይል ዳታ ለሚያወርድ አድማጭ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ከጋዜጣችሁ አንድ ነገር እንጠይቃለን። ለቴአትር ሒስ እንደምትጽፉ ሁሉ ለእነዚህ ሥራዎችም ጻፉ፤ ሒሱም «አሳቀ፣ አላሳቀም» ላይ እንዳይቆም። ተጫዋቾቹ ይደማመጣሉ ወይ? ሳቁ ማን ላይ ነው? በጨዋታው የተመሠረተው ዓለም እስከ መጨረሻው ይጸናል ወይ? አዳራሽና ክፍል ያላቸው ተቋማትም፣ ሙሉዓለም የባህል ማዕከልን ጨምሮ፣ በሳምንት አንድ ቀን ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ከመንገድ ራቅ ያለ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ያልሆነ አንድ ክፍል ለወጣቶቹ ቢፈቅዱላቸው እንወዳለን። አንድ ጠረጴዛ፣ አሥር ወንበርና ምንጣፍ ካለው ይበቃቸዋል፤ ማይኩንና ሪከርደሩን ይዘው ይመጣሉ።

ከአክብሮት ጋር፣
በድምፅ ቀረጻና በመድረክ ሥራ ላይ ያሉ አንባቢዎቻችሁ
ባሕር ዳር