ቤቱ ያምራል፣ ውኃው ግን የት ይሂድ?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ደሴ የምሠራ አርክቴክት ነኝ። ባለፈው ክረምት ጦሳ ተራራ ግርጌ የነደፍኩትን ባለሦስት ፎቅ ቤት ላይ ሄድኩ። ሕንፃው ምንም አልሆነም። የጣራው ውኃ ግን በአሸንዳ ወርዶ የሚገባበት ቦይ ስለሌለ፣ ከታች ያሉ አንዲት እናት ደጃፍ ላይ ይደፋል። «የኔ ልጅ፣ ቤቱስ ያምራል፤ የኔን ግን አጠበው» አሉኝ። ምን ልበል? በእኔ ሳይት ፕላን (ቤቱ በቦታው ላይ የሚያርፍበትን በሚያሳየው ንድፍ) ላይ የእሳቸው ጊቢ ባዶ ነጭ ወረቀት ነበር።

አርክቴክቸር 5 ዓመት ስንማር የከተማ ፕላን የሚደርሰን በጥቂት ኮርስ ነው። አሜሪካ ውስጥ ሁለቱን በማስተርስ ደረጃ አጣምረው የሚያስተምሩ ዩኒቨርሲቲዎች አሉ። ለሁለቱም የሚቆጠሩ ኮርሶች ስላሉ፣ ለየብቻ ከመማር አንድ ዓመት ያህል ሊያሳጥር ይችላል። ክፍያው እንኳን ለእኛ ለእነሱም አይቀመስም።

ታዲያ እንዲህ ያለው ጥምር ትምህርት እዚሁ ወሎ ቢጀመርስ? ደሴ ተዳፋት ላይ፣ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ዝቅ ብላ ሜዳ ላይ፣ ኢንዱስትሪ ፓርኳን ይዛ። ተማሪው ጠዋት ገደል፣ ከሰዓት ሜዳ ይለካል። የማታ ከሆነ የመጀመሪያው ተመዝጋቢ እኔ ነኝ።

አንባቢያችሁ፣ ከደሴ