የሐሙሱ የሬዚን ቅየራ፦ ለጊዜያዊ የውሃ ማጣሪያ ቡድን አባላት

ሰላም ለሁላችሁ። ዩራኒየም ያለበትን የጉድጓድ ውሃ የምናጣራበት የመጀመሪያው ታንክ ሬዚን (ዩራኒየሙን ከውሃው የሚይዙት ጥቃቅን እንክብሎች) ስለጠገበ ሐሙስ ጠዋት 2፡00 ሰዓት ላይ እንቀይራለን። የምንገናኘው ፓምፕ ቤቱ በር ላይ ነው።

ፓምፑ ከቆመ በኋላ ቫልቮቹን አዙረን ሁለተኛውን ታንክ ፊተኛ እናደርጋለን፤ አዲሱ ሬዚን የግድ ከኋላ ይሆናል። አዲሱ ፊት ከገባ፣ በከፊል የጠገበው ከኋላ ሆኖ ዩራኒየም ወደ መውጫው ሊለቅ ይችላል። አዲሱን ከታች ወደ ላይ በቀስታ እጠቡት፤ አየር ከቀረበት ውሃው በአንድ በኩል ሰንጥቆ ያልፋል። 5 ማይክሮኑ ማጣሪያም አብሮ ይቀየራል፣ በብረት ዝገት ተደፍኗል።

ናሙና ከመግቢያው፣ ከሁለቱ ታንኮች መካከልና ከመውጫው ይወሰዳል። መጀመሪያ በ0.45 ማይክሮን አጣሩት፣ ከዚያ በናይትሪክ አሲድ ፒኤቹን (የአሲድነት መለኪያውን፤ ሲቀንስ አሲድነቱ ይጨምራል) ከ2 በታች አውርዱ። አሲዱ ከቀደመ ደለሉ ላይ ያለውን ዩራኒየም ያሟሟና ውጤቱ ከእውነተኛው በላይ ይሆናል። ይህን ብዙ ሰው ይዘነጋዋል። የመግቢያውን ፒኤች እዚያው ለኩ፤ ከ6 በታች ከወረደ ዩራኒየሙን ከካርቦኔት ጋር ያያዘው ውህድ ስለሚፈርስ ሬዚኑ የመያዝ አቅሙ ይዳከማል።

የጠገበው ሬዚን ራዲዮአክቲቭ ቆሻሻ ነው። እርጥብ እንደሆነ በርሜል ውስጥ ይገባል፣ ይከደናል፣ ምልክት ይለጠፍበታል። ከደረቀ እንደ አቧራ ይበናል። አካባቢው ላይ መብላትም መጠጣትም የለም።

ጓንት፣ መነጽር፣ ቦት ጫማና ዶዚሜትራችሁን (የጨረር መጠን መለኪያችሁን) ያዙ። የምትመጡ እስከ ማክሰኞ ማታ እዚሁ መልሱልኝ፤ ናሙና የሚወስድና በርሜል የሚመዘግብ አንድ አንድ ሰውም ስሙን ይጻፍ።